እስከ ሃያ

በአማቴ ጀልባ ላይ አራት ወንበሮች አሉ፤ ሰው የሚባለው ግን የቀኙ ላይ የተቀመጠው ብቻ ነው። የቀኙ ወንበር ከመሪው አጠገብ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው የአማቴን ሲጋራ ይለኩሳል፣ የሚያዩትን ውሃ አብሮ ያያል፣ ቀልዳቸውን ከሁሉ ቀድሞ ይስቃል። ዘጠኝ በጋ ሙሉ እዚያ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ሶፋ ማልበስ ስለሆነ ወንበሩንም ያለበስኩት ራሴ ነኝ፤ ሰማያዊ ሰው ሠራሽ ቆዳ፣ ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ፣ ዳር ዳሩ ድርብ ስፌት። ለራሴ ቤት ሶፋ የዚያን ግማሽ አልለፋሁም። ሚስቴ ይህን እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

አማቴን ሰው ሁሉ አድሚራል ነው የሚላቸው። መርከብ ላይ ሠርተው አይደለም። ሠላሳ ዓመት የቀለም መጋዘን ኃላፊ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ያቺን ነጭ ጀልባ ገዙ፣ ነጭ ቆብ ደፉ፣ በቃ አድሚራል ሆኑ። በጋ ከገባ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቤተሰቡን ሰብስበው ወደ ሐይቁ ይነዱታል። ሴቶቹና ልጆቹ ዳር ላይ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ እኛ ወንዶቹ ዓሣ ልናጠምድ እንገባለን።

ጀልባዋ የራሷ ሕግ አላት። የነፍስ አድን ጃኬቶቹ ከነላስቲካቸው ከኋላ ወንበር ሥር ተቆልፈው ይኖራሉ፤ አድሚራል ጃኬት የለበሰ ሰው ሲያዩ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል። ዋናው ሕግ ግን የአዲስ አማች ሕግ ነው። አዲሱ አማች የመጀመሪያ ዓሣውን ሊያወጣ ጎንበስ ሲል አድሚራል ከኋላ ገፍተው ውሃ ውስጥ ይጨምሩታል። ከዚያ ጀልባዋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ እስከ ሃያ ይቆጥራል። ሃያ ሳይሞላ እጁን የሚዘረጋለት የለም። ሃያ ሲሞላ ተጎትቶ ይወጣል፣ ጀርባው ይመታል፣ ከዚያ ወዲያ የቤት ሰው ነው።

በእኔ ጊዜ አንድ እግር ጫማዬ ሐይቁ ውስጥ ቀርቷል። በአፍንጫዬም በአፌም ውሃ እየወጣ፣ በሕይወቴ እንደዛሬ ስቄ አላውቅም አልኳቸው። ውሸቴን ነበር። አንጀቴ እርር ብሎ ነበር። የዚያን ቀን ያቃጠለኝን ነገር ሌላው ሲጋትልኝ ለማየት ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ክፉ ነኝ ማለት ከሆነ ይሁን።

መነፅር ሠሪው ወደ ቤተሰቡ የገባው ካቻምና ክረምት ነው። የሚስቴን ታናሽ እህት አገባ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሰው ሲያናግር አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ ልጅ ነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት ወርክሾፕ መጥቶ፣ ወንድም ጋሼ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ ዓይንህን ታጨናብሳለህ ብሎኝ፣ የሆነ ነገር ዓይኔ ላይ ደቅኖ ለካና በሳምንቱ መነፅር ይዞልኝ መጣ። ዋጋውን ብጠይቀው ተቆጣ። በመነፅሩ ዓመታት ያላየሁትን የገዛ ስፌቴን አየሁበት። ውለታ የዋለልህን ሰው መጥላት ይከብዳል ይላሉ። ኧረ እንዲያውም ይቀላል።

ምክንያቱም አድሚራል ወደዱት። በበጋው የመጀመሪያ ቅዳሜ መንጠቆ ሲያስር አዩትና፣ እንዲህ ያለ አስተሳሰር ከየት ተማርክ አሉት። ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት አለ። እስቲ ለአንዴ ቦታ ተቀያየሩ አሉን። አንዴው ቀኑን ሙሉ ሆነ። እኔ ከኋላ ከሞተሩ አጠገብ ተቀምጬ የቤንዚን ጭስ ስምግ ዋልኩ፤ ከፊት እሳቸው ሲስቁ ይሰማኛል፣ ቀልዱ ግን ሞተሩ ውጦት እኔ ጋ አይደርስም። የዚያን ቀን ዓሣ ስላልያዘ ሕጉ ሳይደርስበት ተመለስን። ማታ ቤት ገብቼ እራት አልበላ ብሎኝ ሚስቴ አሞሃል ወይ አለችኝ።

ረቡዕ ዕለት ወርክሾፕ መጣ። የአንድ አሮጌ ሶፋ ሆድ ዘርግፌ ሽቦውን እያወጣሁ ነበር። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድም ጋሼ፣ አባባ ገፍተው ይጥላሉ የሚባለው እውነት ነው?»

«ጨዋታ ነው» አልኩት።

«መዋኘት አልችልም። ሽማግሌ የተላከ ቀን ከውሃ ጋር እንዴት ነህ ሲሉኝ፣ ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት አልኩ። እኔ ዳር ቆሜ ነው የማጠምደው፤ ከጉልበቴ በላይ ገብቼ አላውቅም። አሁን ዞሬ አልችልም ማለት አፈርኩ። አንተን ይሰሙሃል፣ ንገርልኝ። አደራ።»

ለእኔ ተወው አልኩት። ትከሻዬን ሳመኝና ሄደ።

አልነገርኳቸውም። ሐሙስ ሳልነግር አለፈ። አርብ ከሰዓት መነፅር ሠሪው ደወለና ነገርካቸው ወይ አለኝ። ነግሬያቸዋለሁ፣ ስቀው አለፉት፣ አይገፉህም፣ ተረጋግተህ አጥምድ አልኩት። እግዜር ይስጥህ ሲለኝ ድምፁ ቀለል ብሎት ነበር። ያሰብኩት ይሄን ብቻ ነው፤ ይወድቃል፣ እንደ ሕፃን ይጮኻል፣ አድሚራል ይንቁታል፣ ወንበሬ ይመለሳል። ስለ ሞት አላሰብኩም። ያላሰብኩት ግን ማሰብ ስላልፈለግሁ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ጀልባዋን ስንፈታ ታናሺቱ ልጃቸው አባቷን ወደ ጎን ጠርታ በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገረቻቸው። ትንሽ አሰቡና ራሷን ዳበስ አደረጉላት። የምሳ ነገር መስሎኝ ናቅ አድርጌ አለፍኩት። የገባነው ሦስት ነን፤ አድሚራል፣ መነፅር ሠሪውና እኔ። አድሚራል በአገጫቸው የቀኙን ወንበር ለእሱ አሳዩት። እሱ ወንድም ጋሼ ይቀመጥ ብሎ ተግደረደረ። ኧረ ተቀመጥ አልኩት፤ ምን ቸገረኝ፣ የመጨረሻው ነው ብዬ ነዋ።

ውሃው ጸጥ ብሏል፤ ፀሐዩ ገና አላከረረም። አድሚራል ያለ ወትሯቸው ሁለት ሦስቴ ወደ ኋላ ዞረው ሰላም ነው ወይ፣ የምትለኝ ነገር የለም ወይ አሉኝ። ምንም የለም አልኩ። ሦስተኛው ላይ፣ አባባ ዛሬ ደግሞ ምነው ጠየቁኝ ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አምስት ሰዓት ገደማ የመነፅር ሠሪው ዘንግ ጎበጠ። ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ፤ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ። አድሚራል ሞተሩን አጠፉ። ከዚያ ጀልባዋን ወደ ዳር የምንስብበትን፣ ጫፉ ቆልማማ ብረት የሆነውን ረጅም እንጨት አንስተው ከእግራቸው አጠገብ አጋደሙት። እዚህ መሃል ሐይቅ ላይ ምን ሊያደርጉበት ነው ብዬ ነበር። ዓሣው ብቅ አለ፤ የክንድ ያህል ነው። መነፅር ሠሪው መረቡን ይዞ ጎንበስ አለ። አድሚራል ከኋላው ቆመው ወደ እኔ ዞሩ። አዩኝ። ሰው የሚጠይቀው ነገር ሲኖረው እንደሚያደርገው ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩኝ።

እንሳቅ የሚሉኝ መስሎኝ በዓይኔ ጠቀስኳቸው።

ገፉት። በግንባሩ ነው የገባው። አንድ አልን፣ ሁለት አልን፤ እኔ ከአድሚራል ድምፅ በላይ ነበር የምጮኸው። አራት ላይ ብቅ አለ። መነፅሩ ወልቋል፣ ዓይኑ እኔ ያለሁበትን አቅጣጫ ይፈልጋል። «ወንድም ጋሼ» ሊል ጀምሮ ጋሼው ከውሃው ጋር ተመልሶ ገባ። ሰባት ላይ የወጣው ፀጉሩ ብቻ ነው። ዘጠኝ ላይ አንድ እጅ ወጣ፤ ለእኔ በሠራልኝ መነፅር ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ የጋብቻ ቀለበቱን ሳይቀር አጥርቼ አየሁት። አስር። አስራ አንድ። አድሚራል ቀስ ብለው፣ እያንዳንዷን ቁጥር እያላመጡ ነበር የሚቆጥሩት። ዓይናቸው ውሃው ላይ አልነበረም፤ እኔ ላይ ነው። እኔም እንደሳቸው ቀስ አልኩ። አስራ ሦስት ላይ እጁ ገባ። አስራ አምስት ላይ ውሃው ገጥሞ ተዘረጋ፣ ሰው የገባበትም አይመስልም። የመነፅር ሠሪውን ዘንግ ዓሣው ይዞት እየጎተተ የጀልባዋን ጠርዝ ያንኳኳ ነበር። አስራ ስድስት።

አስራ ሰባት አልኩና ዘለልኩ።

አዝኜለት ነው ብል ከመጀመሪያው ውሸቴ ይብሳል። ዝም ያለው ውሃ ነው ያስፈራኝ። ወርጄ በዳበሳ ሸሚዙን አገኘሁት፤ እንደ ረጠበ ስፖንጅ ከብዷል። ወደ ላይ ስገፋው አድሚራል በቆልማማው እንጨት ቀበቶውን ይዘው ጎተቱት። ጀልባዋ ወለል ላይ ደፍተን ጀርባውን ስንደቃው ቆይቶ ውሃ ተፋ፣ አሁንም ተፋ፣ ከዚያ ተንፈስ አለ። ቀና ማለት ሲችል አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ሕጉን ሰብረህ አወጣኸኝ፣ አንተ ባትኖር አልቄ ነበር ይለኛል። አይዞህ፣ አይዞህ እለዋለሁ። ሌላ ቃል ከየት ላምጣ?

ዳር ስንደርስ ሴቶቹ በብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ታናሺቱ ጉልበቴ ላይ ወድቃ ልትስም ስትል ከለከልኳት። አድሚራል ናና ጀልባዋን እንሰር ብለው ጠሩኝ። ገመዱን እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው ቋጠሩ። አጠገባችን ሰው አልነበረም።

«ልጄ ጠዋት ነግራኛለች» አሉ። «መዋኘት እንደማይችል። ረቡዕ ዕለት አንተ ጋ መጥቶ አደራ እንዳለህም። ወንድም ጋሼ ነግሮዎታል፣ እኔ ግን ልቤ ስላላረፈ ነው አለችኝ።»

ገመዱ ከእጄ ሾለከ። አንስተው መልሰው አስያዙኝ።

«አሁን ይነግረኛል፣ አሁን ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅሁህ። አፍ አውጥቼ ጠየቅሁህ እኮ። ጭራሽ ጠቀስከኝ።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ገፉት?» አልኩ።

«እሱ ላይ ምን አለኝ? እስከ ስንት እንደምትቆጥር ልይ ብዬ ነው። ሃያ ላይ እንጨቱ እጄ ላይ ነበር።»

«ሃያ ላይ ሞቶ ቢሆንስ?»

«ቢሞትማ» አሉ ቋጠሮውን እያጠበቁ፣ «አብረን ነው የቆጠርነው።»

ለሰው ይናገሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ለማን ብለው ሳቁ፤ አንተ ራስህን ሳታነሳ እኔን ማንሳት አትችልም፣ እኔም አንተን እንደዚያው አሉ። ከዚያ ሰማያዊውን ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄ ያንተ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይቀመጥበትም። አንተን የመሰለ ሰው ከኋላዬ እንዲቀመጥ አልፈልግም።»

ምሳ ላይ መነፅር ሠሪው ከነብርድ ልብሱ ተነስቶ ኩባያውን ከፍ አደረገ። የዚህ ቤት ሕግ ሃያ ነው፣ ወንድም ጋሼ ግን አንጀቱ አልችል ብሎ አስራ ሰባት ላይ ዘለለልኝ አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ልጆቹ ወዲያው ጋሽ አስራ ሰባት አሉኝ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ስም ሆኖ ቀረ። ሚስቴም ደስ ባላት ቀን እንዲያ ትለኛለች። ስለ አርቡ ስልክ መነፅር ሠሪው አንዴም አንስቶብኝ አያውቅም። እሱ እንደገባው፣ እኔ ነግሬ፣ አባባ አልሰማ ብለው ነው የገፉት፤ ሽማግሌ ሰው አይወቀስም ብሎ ይቅር ብሏቸዋል። እኔን ደግሞ ከወንድሙ አብልጦ ይወደኛል። መነፅሬ ሐይቁ ውስጥ ስለቀረ ሌላ ሠርቶልኛል፤ ከፊተኛው ይበልጥ ያጠራል።

ይኸው ሌላ በጋ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንገባለን። መነፅር ሠሪው ብርቱካንማ ጃኬቱን ለብሶ ከኋላ ሆኖ ዓሣ ይጠብቃል፤ አድሚራልም ትንፍሽ አይሉትም። እኔ ከቀኝ ነኝ። አንዳንዴ ውሃው ጸጥ ሲል አድሚራል በጠቋሚ ጣታቸው መሪውን ቀስ እያሉ መምታት ይጀምራሉ። አልቆጥርም እላለሁ፣ እቆጥራለሁ። አስራ ሰባት ላይ ጣታቸውን ያቆሙና ዞር ብለው አይተውኝ ይስቃሉ። መነፅር ሠሪው ከኋላ ምን ያስቃችኋል ሲለን እኔም እስቃለሁ፤ ከሁሉ ቀድሜ።