ቱቦ አመላላሹ

የጭነት መኪናው ቶርኖውን፣ ያን ከባድ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ ቅያሱ አፍ ላይ፣ ሁለት አጣና ላይ አራግፎት ሄደ። ሾፌሩ "ጠባብ ነው፣ አልገባም" አለ፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው የባለቤቱ ጣጣ ነው። ክሬን የለ፣ ክሪክ የለ። ያለው ጥቂት የብረት ቱቦ፣ ሁለት ድጅኖ፣ ሽብልቅና የጎረቤቱ የበያጁ ትከሻ ነው።

ባለቤቱ ብረት ቀራጭ ነው። ዕድሜውን በሙሉ በታላቅ ወንድሙ ወርክሾፕ፣ በታላቅ ወንድሙ ማሽን ሲቀርጽ ኖሮ፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ገና አሁን የራሱን ያዘ። እሱንም አሮጌ። ቀለሙ ተላልጧል፣ እጀታዎቹ በሰው እጅ ብዛት አልቀዋል፤ መቅረጫው የሚንሸራተትበት ሐዲዱ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ቢለዋ የመሰለ። ይህ ማሽን በራሱ ወርክሾፕ በር በሰላም ከገባ ሰውየው የራሱ ጌታ ነው። በጎኑ ከወደቀ ግን ሐዲዱ ይጣመማል፤ እሱም ተመልሶ ወንድሙ ቤት፣ ተመልሶ "ቱቦ"።

ቱቦ ቅጽል ስሙ ነው። አባታቸው ከባድ ዕቃ በማጓጓዝ ነበር ያሳደጋቸው። ታላቅየው ድጅኖ ይዞ ሲገፋ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ከማሽን ኋላ የወጣውን ቱቦ እያነሳ ወደ ፊት ይሮጥ ነበር። ድጅኖ ለሰው፣ ቱቦ ለውሻ፤ ለእሱ የታየው እንዲህ ነው። ወንድሙ ደግሞ ስሙን ሠርጉ ድረስ ይዞት መጣ። በአማቾቹ ፊት ቆሞ "ቱቦም ሚስት አገባ!" አለና አዳራሹን አሳቀበት። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም።

ሚስቱ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ እየጠረገች፣ "ጋሼን ጠርቼዋለሁ" አለችው።

"ማን ጥሪ አለሽ?"

"ወገብህ።"

በያጁ ሳቁን ለመሸፈን አሳለ።

የብረት ቀራጩ ቆሽት አረረ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ብልጭ አለለትና አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ወንድሙ እጅጌውን እየሰበሰበ መጥቶ ድጅኖውን ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ፣

"አይ፣ ወንድም ጋሼ" አለው። "ድጅኖው ሰው አለው። አንተ ቱቦ ታመላልሳለህ።"

ፊቱ ሲቀላ ለማየት ዓይን ዓይኑን አየው። ምን ይቅላ! ሰውየው "እሺ፣ መዶሻ ስጡኝ" ብሎ ጎንበስ አለ።

ጀመሩ። ድጅኖ ከሥር ይገባል፣ ማሽኑ ጣት ያህል ይነሳል፣ ቱቦ ይሰካል። ከዚያ "በል! በል!" እየተባለ ያ ሁሉ ብረት ቱቦዎቹ ላይ ቀስ እያለ ይንከባለላል። ከኋላ ቱቦ ሲወጣ ታላቅየው ያነሳውና ዞሮ ፊት ያነጥፈዋል። ጉልበቱ ሲንቋቋ ይሰማል፤ እሱ ግን ያንጎራጉራል።

"ጋሼ፣ ረዳትነት ያምርብዎታል" አለ በያጁ።

"ደመወዙን ሳልጠይቅ ገባሁ እንጂ!"

ሁለቱ ተሳሳቁ። ብረት ቀራጩ አልሳቀም። ሰው ሊያዋርድ ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቆ፣ የተዋረደው ሰው ሲያንጎራጉር ምን ያስቃል?

በሩ ያለው በስተግራ ነው። እዚያ ሲደርሱ መንገዱ ሽቅብ ይላል፤ በስተቀኝ ደግሞ ክዳን የሌለው የውሃ ቦይ አለ። ብረት ቀራጩ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ወንድሙ የፊተኛውን ቱቦ በመዶሻ እየመታ ሲያንጋድደው አየ።

"አጣመምከው!"

"ግፋ ዝም ብለህ።"

"አጣመምከው እኮ! ቦይ ልትከተኝ ነው?"

ድጅኖውን ጥሎ ወደ ፊት ሮጠ። ማሽኑ ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። በያጁ ብቻውን ድጅኖው ላይ ተንጠልጥሎ "ኧረ በፈጠራችሁ! አለቅኩ!" አለ። ብረት ቀራጩ ባለበት ደርቆ ቀረ። ታላቅየው ሽብልቅ አነሳና ቱቦው ኋላ ሸጎጠ፤ በተረከዙ መታው። ማሽኑ ወዝወዝ አለና ቆመ።

በያጁ ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

"ድጅኖ የያዘ ሰው ጥሎ ይሄዳል?" አለ ታላቅየው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። "ቱቦው ቀጥ ካለ ማሽኑም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድ። ወደ ግራ እንዲዞር የቀኙን ጫፍ ወደ ፊት መታ ታደርገዋለህ። ረሳኸው እንዴ? ካንተ አይደል ያየሁት?"

"ከእኔ?"

"ከማን ታዲያ! አባባ ድጅኖውን ለእኔ የሰጠኝ ጉልበት እንጂ ዓይን ስላልነበረኝ ነው። አንዴ አንተን አሞህ ቱቦውን እኔ ይዤ፣ የሰው አጥር ይዘን ገባን! አባባ 'ያን የቱቦ ልጅ ከነብርድ ልብሱ አምጡልኝ' ብሎ ሲጮህ… ስሙም በዚያው ወጣልህ።"

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"አታውቅም ብዬ መች አሰብኩ?"

ብረት ቀራጩ የተንጋደደውን ቱቦ ጎንበስ ብሎ አየ። አሁን ትዝ አለው፤ በልጅነቱ አባቱ በአገጩ ሲጠቁመው የቱቦ ጫፍ መታ ያደርግ ነበር። እጁ የሚያውቀውን ቂሙ አስረስቶት ኖሯል። የወደቀውን ድጅኖ አነሳና ለወንድሙ ሰጠው፤ መዶሻውን ተቀበለው። ተንበርክኮ በአንድ ዓይኑ ከማሽኑ ሥር አየ። የቀኙን ጫፍ መታ፤ ደገመው።

"ግፉ።"

ቶርኖው አፍንጫውን ከቦዩ መለሰ። እየዞረ፣ እየዞረ፣ የበሩን መቃን ለጥቂት አልፎ ገባ። ሽብልቅ አደረጉለት። ብረት ቀራጩ ሐዲዱን ከዳር እስከ ዳር በመዳፉ ዳሰሰው፤ አንድ ጭረት የለበትም።

"ታረቃችሁ ማለት ነው?" አለች ሚስቱ የእጅ ውሃ እያቀረበች።

"መች ተጣላን?" አለ ታላቅየው፣ የምሩን ነው።

ብረት ቀራጩ ወንድሙ የግራሶ ቅባት ከእጁ ሲያስለቅቅ ቆሞ አየው። ይህን ያህል ዘመን ተሸክሞት የኖረውን ነገር፣ ሰውየው በሁለት ቃል አራገፈበት፤ ይህም ራሱ በደል ነው። ስለ ሠርጉ ሊጠይቀው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ወንድሙ ለእሱም መልስ ካለው፣ እሱ ማታ የትኛውን ቂም ይዞ ሊተኛ ነው?