የጭጭ ሰኞ

...ቆመናል አሁንም፣ ሁላችንም፣ እኔም ጠመኔ እንደያዝኩ ከሰሌዳው ጎን፣ ሰኞ ነዋ፣ ሰኞ ጠዋት የክፍሉ አለቃ ይቀየራል፣ አዲሱ አለቃ በእናቱ ቋንቋ ቁጭ በሉ እስኪለን ማንም አይቀመጥም፣ ደንቡን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፣ ያለፈው ሰኞ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ እንደ ዘፈን አስረዝሞ ሲለው ስንት ሳቅን፣ ዛሬ ተራው የጭጭ ነው። ከመጣች ጀምሮ ድምጿን የሰማ የለም፣ ልጆቹ ናቸው ጭጭ ያሏት።

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የጠመኔውን ብናኝ ታንሳፍፈዋለች፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፣ በሩ ላይ ዳይሬክተሩ፣ እጁን አጣምሮ። ቅድም ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ፣ መምህርት፣ ይቺን ልጅ ይለፏት፣ አለቃ ማለት አፍ ያለው ነው፣ እምቢ ካሉ ደግሞ ዛሬ ካልተናገረች ይሄ በየቋንቋው የሚሉት ነገር ይቀራል፣ አለቀ። አላልፋትም አልኩት፣ ያ ሁሉ ድፍረት ከየት እንደመጣ እንጃ።

ጭጭ ከፊታችን ቆማ ጫማዋን ታያለች። እኔም እንዲሁ ነበርኩ፣ እንግዳ ሲመጣ ከእማዬ ቀሚስ ጀርባ፣ ልጅሽ ዲዳ ናት እንዴ ሲሏት፣ ተዉአት፣ ዝም አይነቅዝም ትላቸዋለች፣ ቀሚሷ ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ ሙቀቱ፣ የት ገባ ያ ቀሚስ...

ቲቸር እግሬን አመመኝ፣ ቀበጡ ልጅ ነው ከኋላ፣ ቻለው የኔ ጌታ፣ እንጠብቃታለን። በይ የኔ እናት፣ አንዲት ቃል፣ ባትይውም እወድሻለሁ፣ ግን በይው።

ከንፈሯ ተላቀቀ። አጭር ቃል፣ ለስላሳ፣ እዚህ ክፍል ካሉት ቋንቋዎች የአንዱም ያልሆነ፣ የሚያውቀው የለም፣ ግን ወንበር ይንኳኳል፣ ሁሉም ቁጭ፣ ቀበጡም ቁጭ፣ እኔ ብቻ እንደ ግንድ ተገትሬ፣ እንባዬ መጣ፣ ደስ ብሎኝ ነው፣ ምን ታየኛለች፣ ለካ እኔንም ነው፣ እሺ አለቃዬ፣ ከሰሌዳው ስር ያለችው ትንሿ ዱካ ላይ ቁጭ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ።

አሁን ወደ በሩ ዞረች። ቃሏን ደገመችው፣ ጮክ አድርጋ፣ ዳይሬክተሩ ዘወር ብሎ ከጀርባው ሰው ይፈልጋል፣ ማንም የለም፣ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩታል፣ ክፍት ያለው የሷው ወንበር ብቻ ነው፣ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ በዴስኮቹ መሀል ይመጣል፣ ቀስ ብሎ፣