ጫማዋን ያጣችው ቀጭኔ

ሰፈር ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ «ውሃ ልክ» ነው የሚሉት። ሙያው የቤት ወለል ላይ ሴራሚክ መሥራት ነው። ሰው ቤት ለጥየቃ ሲገባ እንኳ ቀና ብሎ ሰላም ከማለቱ በፊት አጎንብሶ ወለሉን ያያል። «ያቺ ሦስተኛዋ በሁለት ሚሊ ከፍ ብላለች» ይልና ሻዩን ይጠጣል። ባለቤቶቹ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን ሦስተኛዋን ሳያዩ ማለፍ ያቅታቸዋል።

ሚስቱ «ይህን ሙያ የመረጠው ከመሬት ስለማያስነሳው ነው» ባይ ናት። እውነቷን ነው። ሰውዬው ከፍታ ነፍሱ አይወድም። አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ሲወጣ አንድ እጁ አምፖሉን፣ ሌላው ግድግዳውን፣ ዓይኑ ደግሞ ሚስቱን ይዞ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ከሁለት ዓመት በፊት በገዛ አፉ ቃል የገባው።

ያን ጊዜ እሱና ሚስቱ ሁለቱን ልጆች ይዘው መዝናኛ ፓርኩ ሄደው ነበር። ፓርኩ ውስጥ ዘንዶው የሚባል ባቡር አለ፤ እየተጠማዘዘ ሰማይ ድረስ ይወጣና የተሳፋሪውን ሆድ እላይ ትቶ ሰውየውን ብቻ ወደ ታች ይለቀዋል። በሩ ላይ ቀይ ጫማ ያጠለቀች የእንጨት ቀጭኔ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ሕጉ አጭር ነው፤ አገጯ ሥር ቆሞ ጭንቅላቱ የነካ ልጅ ይሳፈራል፣ ያልነካ ይመለሳል። ትልቁ ልጅ ነክቶ ወጣ። ሚጢጢ የሚሏት ትንሿ ግን ስንዝር ያህል ጎደላትና የቀጭኔዋን ቀይ ጫማ አቅፋ እሪ አለች።

ወንድሟ ደግሞ ከዘንዶው ሲወርድ አላረፈም። «ከላይ የእኛ ሰፈር የውሃ ታንከር ይታያል! ታንከሩ ላይ የተሰቀለው ልብስ ሳይቀር!» አለ። ሚጢጢ ለቅሶዋን እጥፍ አደረገችው።

ውሃ ልክን አንጀቱን በላችው። ጎንበስ ብሎ እንባዋን ጠረገና «አገጯን በነካሽ ቀን፣ ያባትሽ ልጅ ነሽ፣ እኔው ራሴ አብሬሽ እወጣለሁ» አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያን ሲል ቀኑ ገና ሩቅ መስሎት ነበር። ልጅ እንደሚያድግ የረሳ አባት የመጀመሪያው እሱ አይደለም።

ከዚያ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ቀጭኔዋን ከጫማዋ እስከ አገጯ ለካት፤ አንድ ሜትር ከሃያ። ቤት ሲደርሱም ያንኑ ቁመት የሳሎኑ በር መቃን ላይ በእርሳስ አሰመረው። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሚጢጢ መቃኑን ተደግፋ ትቆማለች፣ አባቷ ስኳድራ የሚለውን የማዕዘን መለኪያ ጭንቅላቷ ላይ ያስቀምጣል፣ እናትና ወንድም ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ባለፈው እሑድ፣ አባቷ አምና በእረፍት ቀኑ እያጎነበሰ የሠራው ሴራሚክ ላይ በባዶ እግሯ ስትቆም፣ ስኳድራው መስመሩ ላይ ቁጭ አለ። ሚጢጢ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረችው። አባቷም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

እንዲህ ሆነው ነው ፓርኩ የደረሱት። ደርሰውም በሩን አጡት። የድሮው የብረት በር የነበረበት ቦታ በቁመት ሁለት ሰው የሚያህል የመስተዋት አዳራሽ ቆሟል። ድሮ ትኬት እየበሳ «ዛሬስ ማንን አስለቅሳችሁ መጣችሁ?» የሚል አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር፤ አሁን ክንድ ላይ የሚታሰር የወረቀት አምባር ሆኗል፤ ማሽኑ «ጢጥ» ብሎ ያስገባል፣ ስለ ለቅሶ የሚጠይቅ የለም። ዳክዬዎቹ የነበሩበት ኩሬ በሰማያዊ ሴራሚክ ተለብጦ የፕላስቲክ ጀልባዎች ይርመሰመሱበታል። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላላቸውን ይበሉበት የነበረው ዛፍ ሥር ስልክ መሙያ ተተክሏል፤ ሰዉ ዙሪያውን ከብቦ በየገመዱ ጫፍ ታስሮ ቆሟል።

«ዳክዬዎቹን የት ጣሏቸው?» አለ ውሃ ልክ ቅር ብሎት።

«ጡረታ ወጥተው ነዋ» አለች ሚስቱ። እሷ በለውጡ ደስ ብሏታል። መጸዳጃ ቤቱን አይታ ስትመለስማ ፊቷ በርቶ ነበር። «ውሃ አለው! ሳሙና አለው! መስተዋት አለው! ድሮ አፍንጫችንን ይዘን ስንገባ ትዝ አይልህም? ፓርኩ ገና አሁን ሰው ሆነ።»

እሱ ግን መሬት መሬቱን እያየ ነው። ድሮ ጠጠር የነበረው መንገድ ሁሉ ንጣፍ ለብሷል። «ማን ነው የሠራው? ጥሩ ነው። እዚህ ጋ ግን ቸኩሏል» እያለ በጫማው ጫፍ ይነካካል። ልቡ ግን ንጣፉ ላይ አልነበረም። የዘንዶው ጩኸት በቀረበ ቁጥር እርምጃው ያጥር ነበር። ሚጢጢ እጁን ይዛ እየጎተተችው ነው።

ዘንዶው ቀለም ተቀብቷል እንጂ ያው ነው። ቀጭኔዋም አለች፤ አንገቷን እንደደፋች። ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ሠራተኛ አጠገቧ ቆማለች።

ሚጢጢ እየሮጠች አገጯ ሥር ገብታ ቆመች። ቀና ስትል ጭንቅላቷ እንጨቱን «ቋ» አደረገው፤ አንገቷን ሰበር ለማድረግ ተገደደች።

«ጎሽ! በደንብ አልፈሻል፤ ግቢ» አለች ሠራተኛዋ።

ሚጢጢ በደስታ ጮኸች። ውሃ ልክ ግን ባለበት ቀረ። ባለፈው እሑድ መስመሩን ለጥቂት የነካች ልጅ ዛሬ አንገቷን ሰብራ? በሳምንት ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚያድገው ሽንኩርት እንጂ ልጅ አይደለም። ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ ታች ወረደ።

«ጫማዋ የታለ?» አለ።

«የማን ጫማ?»

«የቀጭኔዋ። ቀይ ጫማ ነበራት።»

ሁሉም አዩ። ቀጭኔዋ ጫማ የላትም። እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሮ ንጣፉ ውስጥ ገብቷል። የሠራው ሰው እሷን ነቅሎ መልሶ መትከሉን ንቆ፣ ዙሪያዋን ሞልቶ ሄዷል። ውሃ ልክ የሰው ስህተት ሲያገኝ እንደሚያደርገው ፊቱ ፈካ። ሜትሩን ስቦ ተንበረከከ። «አንድ ሜትር ከአሥራ አምስት! አየሽ ልጄ? ወለሉን በአምስት ሳንቲ ከፍ አደረጉና ቀጭኔዋን አሳጠሯት። ከመቶ ሃያ በታች የሆነ ልጅ ሁሉ ሲያልፍ ነበር ማለት ነው። ይሄ ቀልድ አይደለም።»

ሠራተኛዋ ደነገጠች። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ከመጣሁ አንድ ወሬ ነው... ቆይ፣ የእርስዎ ልጅስ?»

«የእኔ ልጅ መቶ ሃያ ሞልታለች። እኔ ነኝ የለካኋት» አለ በኩራት። «ነይ ሚጢጢ፣ ጫማሽን አውልቂና ቀጥ በይ።»

ለካት። ሜትሩን ሰብስቦ እንደገና ለካት። ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ይዞ ቀረ።

«ስንት ነው?» አለች ሚስቱ።

«መቶ አሥራ ሰባት።»

«ሜትርህ ተበላሽቶ ይሆናላ።»

«ሜትር አይዋሽም።» ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። «መቃኑ ላይ መቶ ሃያ ነው ያሰመርኩት። በእጄ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልነካሁትም። መስመሩ አልተንቀሳቀሰ...»

ትልቁ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባዬ፣ መስመሩ አልተንቀሳቀሰም። ወለሉን ግን አምና ሴራሚክ ሠርተህበታል።»

ውሃ ልክ ክው አለ። ስሚንቶው ሁለት፣ ሴራሚኩ አንድ፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር። እያንዳንዷን በውሃ ልክ እያየ የደረደራት እሱ ራሱ ነው። ልጁን ከነእግሯ ከፍ አድርጎ፣ መስመሩን እንደነበረ ትቶት።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች!» አለች ሚስቱ፤ ሳቋን ለመያዝ አፏን በእጇ ብትከድነውም ሳቁ በጣቶቿ መሃል አመለጠ።

ሚጢጢ ግን አልሳቀችም። ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሠራተኛዋ አዘነችላትና ወደ አባትየው ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ሦስት ሳንቲ ምን አላት? ዛሬ ጠዋት ከእሷ የሚያንሱ ስንቶች አልፈዋል። እርስዎ ካሉ...» አለች።

ሚጢጢ ቀና ብላ አባቷን አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ነገር አሁን በእሱ አንዲት ቃል ላይ ነው። «እሺ» ቢላት አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። እሱ ግን ቆመው የሚጠብቁትን ወንበሮች ተመለከተ፤ ከፊታቸው ያለው መያዣ ብረት ለመቶ ሃያ ሳንቲ ሰው ደረት ታስቦ የተሠራ ነው። በሙያው ስንት ሰው «ትንሽ ናት፣ እለፋት» እንዳለው፣ እሱም አንዲቷን እንኳ እንዳላለፈ ያውቃል።

«አይሆንም» አለ።

«አልወድህም!» አለች ሚጢጢ፤ ጀርባዋን ሰጥታው ንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ የማውቀው አለ» አለች ሚስቱ ወገቧን ይዛ። «ፈርተህ ነው። አብረሃት ላለመውጣት ነው። እንኳን ሦስት ሳንቲ ሰበብ አግኝተህ!»

ይህቺ ነገር ዘልቃ ገባች፤ ምክንያቱም ከ«አይሆንም» ጋር አብሮ አንድ የእፎይታ ትንፋሽ ሲወጣው ራሱ ሰምቶታል። አፈረ። ሚጢጢ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት። «ቀጭኔዋም ልትዋሽሽ ብላ አይደለም፣ አንቺም አላጠርሽም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሰበብ ፈልጌ ግን አይደለም።»

ሚጢጢ ሳትዞር «ታዲያ አንተ ውጣ» አለች።

«ምን?»

«ቃል ገብተሃል። ውጣና ታንከሩን አይተህ ንገረኝ።»

አምልጦ የሚገባበት ቀዳዳ ፈለገ፤ የለም። «እሺ» አለ ድምፁ ቀጥኖ፤ ተነስቶም ቆመ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ልለካህ።» ሜትሩን ከእጁ ነጥቃ አንዱን ጫፍ በእግሯ ረገጠች፤ ሌላውን እስከ ደረቱ ድረስ ሳበችው፤ ከዚያ በላይ እጇ አልደረሰም። «መቶ ሃያ አልፈሃል። ግባ።» የፊቷ ኩርፊያ ትንሽ ላላ። ሠራተኛዋም ጎንበስ ብላ አምባሩን «ጢጥ» አደረገችለት።

ስለ ጉዞው እሱ ራሱ ብዙ አያውቅም። ብረቱ ሲዘጋ ሰማ። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ ገና ወደ ላይ ሲሄድ ተሰማው። ከዚያ አንድ ሰው እንደ ሕፃን ሲጮኽ ሰማና አዘነለት፤ ኋላ ነው ጩኸቱ የራሱ መሆኑን ያወቀው። ባቡሩ ሲቆም ጣቶቹን ከብረቱ ላይ ያላቀቀችለት ሠራተኛዋ ናት። መውጫው ላይ ሦስት ደረጃዎች አሉ፤ የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጁ ጨብጦ ከላይኛው ላይ ቆሞ ቀረ።

ሚጢጢ እየሮጠች መጣች። ኩርፊያውን የት እንደጣለችው አይታወቅም። «ታየ? ታንከሩ ታየ?»

«አዎ» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ወንድሟም ከኋላ ሆኖ «በላት፣ አዎ በላት» በሚል ዓይን ያየዋል። ውሃ ልክ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ጨፍኜ ነበር» አለ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ምንም አላየሁም የኔ ልጅ።»

ሚስቱ በሳቅ ፈረሰች። ሚጢጢ ግን ትክ ብላ አየችው፤ ልትቆጣ ይሁን ልትስቅ ገና አልወሰነችም። ያኔ ትልቁ ልጅ መሬት መሬቱን እያየ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«ምን አልክ?» አለች እናቱ።

«እኔም ጨፍኜ ነበር አልኩ። ያኔ። ታንከሩን... ዝም ብዬ ነው ያልኩት።»

«የተሰጣውንስ ልብስ?»

«እሱንም።»

ሚጢጢ አፏን ከፍታ ወንድሟን አየች፣ ከዚያ አባቷን፣ ከዚያ እናቷን። «አንቺስ እማዬ?»

«እኔማ መቼ ወጥቼ!»

ልጅቷ ቀስ ብላ አሰበችው፤ እያሰበችም ፊቷ እየበራ ሄደ። «እንግዲያው ከቤታችን እስካሁን ማንም አላየም ማለት ነው።»

«ማንም» አለ አባቷ።

«እኔ አልጨፍንም» አለች ሚጢጢ። «ሦስት ሳንቲ ብቻ ነው የቀረኝ። መጀመሪያ የማየው እኔ ነኝ፤ አይቼ ለሁላችሁም እነግራችኋለሁ።»

ከዚያም ደረጃው ላይ ወጥታ አንድ እጁን ከመደገፊያው አስለቅቃ ያዘችው። «ና፣ ቀስ በል አባዬ» አለችው። «ደረጃ አለ።»