በድሩ ላይ የቀረው ሁለት ጣት

ሎሬታ ተራራው ላይ ወዳለው የበጎች ሰፈር ስትወጣ ሽመና የሚባል አታውቅም። የእናቷን ምንጣፍ ግን ከነድሩ ከነእንጨቱ ጭና መጣች፤ ግማሽ ላይ የቆመ ነው። እናቷ ቺንሌ ከተማ ሆስፒታል ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሎ ተኝታለች። ምላሷ ሳይተሳሰር የተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ «ሳልሞት ጨርሰሽ ከእንጨቱ አውርጂልኝ።» ከሞተች በኋላማ ማን ሊነካው? በወገኖቿ እምነት የሙት ዕቃ የነካ ሰው ይታመማል። የእናትየውም ሐሳብ እዚያው ድሩ ላይ ተይዞ ይቀራል።

ሰፈሩን የምትመራው ሃናባ የእናቷ ታናሽ እህት ናት። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ እረኝነቱንም ሽመናውንም የረሱ የከተማ ሴቶችን ከሉካቹካይ መንደር በላይ ተራራው ላይ ሰብስባ ታስተምራለች፤ ከትምህርቷ ግን ስድቧ ይበዛል።

«ሃያ ዓመት ፊኒክስ ምን ስትሠሪ ከረምሽ? ማግ እኮ ነው የምትመቺው፣ ሚስማር አይደለም!»

«ትንሿ እማ፣ ታዲያ አንቺ ለምን አትጨርሺላትም?»

«ከሆዷ የወጣሽው አንቺ ነሽ እኔ? ምቺ!»

ጠዋት ጠዋት በጎቹን ወደ ሸንተረሩ ማውጣት የሎሬታ ድርሻ ሆነ። እሷም አልጠላችውም። ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው፤ ወንድሟ ዴልበርት ደውሎ «ዛሬም አለች» ሲላት ነፍሷ መለስ ትላለች። ከዚያ ወርዳ እስኪመሽ ትሠራለች። ጣቶቿ ቆሳሰሉ፤ ምንጣፉ ግን አደገ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለት ጣት የማይሞላ ክፍተት ቀረ። እዚህ ላይ ድሩ ስለሚወጠር እጅ አይገባም፤ ከጃንጥላ ሽቦ በተሠራ መርፌ አንድ በአንድ ነው።

«ይኼ የጀማሪ ሥራ አይደለም» አለች ሃናባ። «ነገ እኔም እጄን አስገባለሁ።»

በማግስቱ ሸንተረሩ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ሎሬታ» አለ ዴልበርት። «ሄደች። አሁን ነው።»

በጎቹን እንዴት እንዳወረደቻቸው አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አልናገርም። ሁለት ጣት ነው፤ እስከ ከሰዓት ያልቃል፤ ከዚያ ለሃናባ እነግራታለሁ።

ሃናባ ከግንድ በተሠራው ጎጆ ውስጥ ድሩ ፊት ተቀምጣ መርፌዋን ይዛ እያንጎራጎረች ነበር። «ነይ እንጂ! በጎቹ ናቸው አንቺን የሚጠብቁሽ?»

ሎሬታ አጠገቧ ተቀመጠች። የሃናባ እጅ አንድ ማግ አሳለፈ። ሌላ ደገመ። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ደረቷም ደካማ ነው፤ የሙት ሥራ በእጇ እያገላበጠች መሆኑን አታውቅም።

«ምንጣፉ ሲወርድ ደውለሽ ለእናትሽ ንገሪያት» አለች ሃናባ እየሳቀች። «‹እህትሽ አሁንም እንዳንቺ አታጠብቅም› በያት። ደስ ይላታል።»



«እጅሽን አንሺ» አለች ሎሬታ።

«ምን?»

«እጅሽን አንሺ፣ ትንሿ እማ! ሄዳለች። ጠዋት ሄዳለች።»

መርፌው ድሩ መሃል ተሰክቶ ቀረ። ሃናባ ጣቶቿን አየቻቸው። ተነሥታ ከሙት ለመንጻት ከምድጃው አመድ ዘግና እጇን እያሸች ወጣች፤ አልዞረችም።

ሎሬታ መርፌውን ያዘች። የትኛውን ድር አልፎ የትኛው ጋ እንደቆመ አታውቅም። ገፋችው፤ አልሄደም። ሳበችው፤ አንድ ድር ተበጠሰ። ወለሉ ላይ ያለውን ቢላ አነሣችና ሁሉንም በጣጥሳ ልትጥለው እጇን ዘረጋች።

«ጀርባዬን ሰጥቻለሁ» አለ የሃናባ ድምፅ ከግንዱ ግድግዳ ማዶ። «አላይም፣ አልነካም። መርፌው የት ነው?»

«አላውቅም! ጠፋብኝ!»

«አልጠፋም። ከግራ ቁጠሪ።»

ቢላውን አስቀምጣ በጣቷ ቆጠረች። «ሰባተኛው ላይ።»

«በሥሩ አሳልፊ። ስምንተኛውን በላይ።»

«ዘጠነኛው?»

ከግድግዳው ማዶ ሃናባ እህቷን ታለቅሳለች።

«ትንሿ እማ፣ ዘጠነኛውስ?»

«በሥር» አለች ሃናባ።