በቃል የተያዘ መመሪያ

መሪጌታ ይስማው ኮምፒውተር የተማሩት ኮምፒውተር ሳይነኩ ነው። ከባሕር ዳር ያስመጡትን የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም መመሪያ ክረምቱን ሙሉ በቃላቸው አጠኑት። ዜማ በተማሩበት በቤተ ልሔም ደብር ትምህርት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ በቃል ይያዛል፣ ሌላው ኋላ ይደርሳል። መስከረም ሲጠባ ንፋስ መውጫ ካለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤቴ መጥተው ከስክሪኑ ፊት ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው "ምዕራፍ አንድ" ብለው ጀመሩ።

"መሪጌታ፣ ምን ልርዳዎት?" አልኩ።

"ዝም ብለሽ ስሚኝ፤ ካጎደልኩ ንገሪኝ።"

አላጎደሉም። የአሳታሚውን ስልክ ቁጥር ሳይቀር አነበነቡት።

የመጡበት ጉዳይ ግን ቀልድ አልነበረም። መምህራቸው የኔታ ዋለ አልጋ ይዘዋል። የኔታ ከመምህራቸው የተቀበሉትን ዜማ የጻፉበት ብራና ዳር ዳሩን አይጥ በልቶታል፣ ቀለሙም እየለቀቀ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚነበብ አይደለም። ደቀ መዛሙርታቸው ሊያሳትሙት ተነሡ። የታተመው ደግሞ የኔታ ራሳቸው አይተው "ልክ ነው" ካላሉት ወረቀት እንጂ መጽሐፍ አይሆንም። ስለዚህ ሳያልፉ መድረስ ነበረበት።

የዜማ መጽሐፍ እንደ ሠርግ ካርድ ተተይቦ የሚያልቅ አይደለም። ከየቃሉ አናት ላይ ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚርገበገብ የሚናገሩ ትናንሽ ምልክቶች አሉ። እነሱን አናት ላይ ማስቀመጥ የሚያስተምረው የመመሪያው ምዕራፍ ሰባት ነው።

"ከላይ 'ፎርማት' የሚለውን ተጫን" አሉ መሪጌታ።

"'ፎርማት' የሚል የለም።"

"ከ'ፔጅ' ቀጥሎ።"

"'ፔጅ'ም የለም መሪጌታ። መመሪያው የድሮ ነው። ፕሮግራሙ ከዚያ ወዲህ ስንቴ ተቀያይሯል።"

ዓይናቸውን ገለጡና ስክሪኑን ጥቂት አዩት። "እንግዲያ ማሽኑ ግድፈት አለበት" አሉ።

"መመሪያው ነው እንጂ ያረጀው።"

"መጽሐፍ ሲያረጅ ይታመናል እንጂ ይሳሳታል እንዴ? ሁልጊዜም የሚያጎድለው የኋለኛው ገልባጭ ነው።"

እኔ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ፤ ጎረቤቶቼም "ምሥራቅ በርበሬዋ" ይሉኛል። ያን ሰሞን ግን ለስሜም ጊዜ አልነበረኝም። መብራት ሲኖር ኢንተርኔት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ያገኘሁት ቪዲዮ ደግሞ የሚያስተምረው እኔ ካለኝም የባሰ አዲስ ፕሮግራም ነው። አንዱ አስተማሪ የተተወውን፣ ሌላው ገና ያልደረስንበትን ይነግረናል፤ ያለንበትን የሚነግረን ጠፋ።

እየጎረጎርኩ አንድ ነገር ባገኘሁ ቁጥር መሪጌታ በቃላቸው የያዙትን አያፈርሱም፤ ይጨምሩበታል። "'ፎርማት' የሚለውን ተጫን። አንድም፣ 'ፎርማት' ሲል 'ታይፕ' ሲል ነው፤ በቀኝ ዳር ተሰውሮ ይገኛልና።" ኮምፒውተር በትርጓሜ ሲያስኬድ ያየሁት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንዱን መሥመር ግን ሳንነካው ተውነው፤ ይሠራልና። "ጠቋሚውን ከቃሉ ኋላ አቁም፤ ምልክቱ ከቃሉ አናት ላይ ይወጣል።" እሳቸው ብራናውን ሳያዩ በቃላቸው ይነግሩኛል፣ እኔ ከቃሉ ኋላ አቆማለሁ፣ ምልክቱ ይወጣል። የየትኛው ቃል አናት ላይ መውጣት እንደነበረበት እኔ በምን አውቄ? ዜማ ቤት አልዋልኩ። ሲያልቅ መሪጌታ የታተመውን ይዘው ከዳር እስከ ዳር አዜሙት። አንድም ቦታ አልተደናቀፉም።

"ንጹሕ ነው" አሉ።

እርማት ቢኖር በዚያው እንድይዘው ብለው እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። በሚኒባስም በእግርም ብለን ቤተ ልሔም ደረስን። የኔታ መደባቸው ላይ ተጋድመው፣ ደቀ መዛሙርቱ ዙሪያውን ቆመዋል። ነጠላዬን አስተካክዬ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። የኔታ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ማዜም ጀመሩ።

ገና በመጀመሪያው መሥመር ተማሪዎቹ ተያዩ። ድምፃቸው መውጣት ያለበት ላይ ይወርዳል፤ ረግቶ መቆም ያለበት ላይ ይርገበገባል። ዜማ የማላውቀው እኔ እንኳ የሆነ ነገር እንደተንጋደደ ገባኝ። የኔታ ግን አላቆሙም፤ ገጹን እንዳንጋደዱት ጨረሱት። አንዱ ተማሪ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። መሪጌታ ይስማው ግድግዳውን ተደግፈው ያለቅሳሉ፤ ዜማው ከመምህራቸው የጠፋ መስሏቸዋል።

"ምን ያስለቅስሃል?" አሉ የኔታ።

"የኔታ፣ ዜማው…"

"እንደ ጻፍከው ነው ያዜምኩልህ። ምልክቱ ሁሉ አንድ አንድ ቃል አልፎ ተቀምጧል። አላየኸውም?"

"አዚሜው ነበር።"

"የምታውቀውን አዜምክ። የተጻፈውን መች አየኸው። ማን ነው የተየበው?"

መሪጌታ ወደ እኔ ጠቆሙ።

"ዜማ ትችያለሽ?" አሉኝ የኔታ።

"ኧረ አልችልም።"

"መልካም። እንግዲያ እሷ ታርመው። የማያውቅ ሰው ያለውን ያያል።"

ስለ አላዋቂነቴ ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነው። ብራናውን ቅጠል በቅጠል በስልኬ አነሣሁና ተመለስን። ለካ እኔ ያለኝ ፕሮግራም ምልክቱን የሚያወጣው ከጠቋሚው በፊት ባለው ቃል ላይ ሳይሆን ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው። መሪጌታ ይህን ሲሰሙ "አንድም" አላሉም። "በቃሌ ከያዝኩት የተፋሁት ይህን ብቻ ነው" አሉ። ከዚያ እኔ እያንዳንዱን ምልክት ከፎቶው ጋር እያስተያየሁ ወደ ቃሉ መለስኩ፤ እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ስሙን ይነግሩኛል፤ ድምፅ የሚያወርደው ድፋት እንደሚባል የለየሁት ያኔ ነው። ማዜም ከልክያቸዋለሁ።

ተመልሰን ስንሄድ የኔታ ደክመው ነበር፤ ደግፈው አስቀመጧቸው። እሳቸው ያዜማሉ፣ እኔ ስልኬ ላይ ምልክቱን በጣቴ እከተላለሁ። አሁን ማንም አልተያየም። ሁለተኛው ገጽ እኩሌታ ላይ ግን ድምፃቸው ሽቅብ ወጣ፤ ጣቴ ያለው ድፋት ላይ ነው።

"የኔታ፣ እዚህ ላይ ድፋት አለ" አልኩ፤ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ።

 መሪጌታ ይስማው ክንዴን ያዙኝ። የኔታ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት።

"ብራናው ምን ይላል?"

"እሱም ድፋት ነው የኔታ።"

ቃሉን ደገሙት፤ አሁን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ወረቀቱን ለመሪጌታ ሰጡ።

"ልክ ነው" አሉ። "ከእንግዲህ እኔን አትጠይቁኝ፤ መጽሐፉን ጠይቁት።"

ያን ሁሉ የተሯሯጥንለት ቃል ተገኘ፤ ደስ ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ አሁን የተሳሳተው ወረቀቱ ሳይሆን የኔታ ነበሩና። እኔም ምላሴን በቆረጠው አልኩ። የኔታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጋደም አሉ።

"የቀረውን አንተ አዚመው፣ እኔ ልስማ" አሉ። "አንቺም ጣትሽን አታንሺ።"

መሪጌታ ይስማው ዕንባቸውን ጠረጉና፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ፣ ከወረቀቱ ላይ ማዜም ጀመሩ።