የሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ

ሰኞ ጠዋት ለልደት ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ከበላይ አካል ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ደረሰው። የመጀመሪያው ገጽ ኮምፒውተሮች በሙሉ እስከ ዓርብ ወደ አዲሱ ሲስተም እንዲያድጉ ያዛል። ሁለተኛው ለማደግ የሚያስፈልገውን ይናገራል፦ ስምንት ጊጋ ራም፣ ያላረጀ ፕሮሰሰር፣ ሰፊ ዲስክ፣ ደግሞም የደኅንነት ቺፕ የሚሉት ነገር። ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ፤ ማኅተሙን አይተው ረኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ማኅተም ስላልነበረ አላነበቡትም።

መስኮት ቁጥር ሁለት ላይ ተቀምጣ የሰው ልደት ስትመዘግብ ሃያ ስድስት ዓመት የኖረችው መዝገብ ያዥ ግን ሁለቱንም አነበበች። ወረቀት ሳታነብ ማስተላለፍ አልሆንልሽ ብሏታል፤ ዕድገት ያመለጣትም በዚሁ ጠባይዋ ነው። ሰው ሁሉ እትዬ መዝገብ ይላታል። የእሷ ኮምፒውተር ራሙ ሁለት ጊጋ ሲሆን ዕድሜው አሥረኛ ክፍል ከገባችው የመጨረሻ ልጇ ይበልጣል።

ደብዳቤውን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

«ጌታዬ፣ የእኔ ማሽን መስፈርቱን አያሟላም።»

«ማነው ያለው?»

«ደብዳቤው።»

«ደብዳቤውማ ይደግ ነው የሚለው» አሉ ብዕራቸውን አስቀምጠው። «ስሚኝ፣ ችግሩ ራም አይደለም፤ አመለካከት ነው። እኔ ስሾም መስፈርት አሟልቼ ነው እንዴ?»

ትሕትና መናገራቸው ነበር። በዚያ ቢሮ ውስጥ ግን ከዚህ የበለጠ እውነት ተነግሮ አያውቅም።

ጠረጴዛቸው ላይ ባለፈው ዓመት የተገዛ ኮምፒውተር ተጎልቷል። ባለ አሥራ ስድስት ጊጋ ነው፤ ከሕንጻው ሁሉ መስፈርቱን የሚያሟላ እሱ ብቻ ነው። ሥራውም ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የሥራ አስኪያጁን የምረቃ ፎቶ ተሸክሞ ይውላል፣ ሲደብራቸው ደግሞ ካርታ ያጫውታቸዋል።

«ታዲያ ለጊዜው በእርስዎ ብሠራስ? ባለጉዳይ ተሰልፏል።»

«በእኔ?» አሉ፣ የጥርስ ብሩሻቸውን የተጠየቁ ይመስል። «ደረጃ የሚባል ነገር አለ እኮ!»

ጉዳዩ ለቴክኒሻኑ ተመራ። ቴክኒሻኑ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ ይሉታል። የእትዬ መዝገብን ማሽን ከፍቶ ውስጡን አየና ተነፈሰ።

«እትዬ፣ ይሄ የሚያስፈልገው ጡረታ እንጂ ዕድገት አይደለም።»

«ንገራቸዋ።»

«ነገርኳቸው። ‹ባለን አቅም ተጠቀም› አሉኝ። ያለንን አቅም ደግሞ የታቀፉት እሳቸው ናቸው።»

ሐሙስ ዕለት ሽቦ የመስፈርቱን ፍተሻ በጓሮ በር አልፎ አዲሱን ሲስተም በግድ ጫነው። ምስኪኑ ማሽን እሺ አለ፤ የጎዳውም እሺ ማለቱ ነው። ለመነሳት አርባ ደቂቃ፣ አንድ ስም ፈልጎ ለማግኘት ሩብ ሰዓት ይፈጅበት ጀመር። ዓርብ ሥራ አስኪያጁ «መቶ በመቶ አድገናል» የሚል ሪፖርት ላኩ። እውነትም ሰልፉ አድጎ ነበር፤ ከመስኮት ቁጥር ሁለት ተነስቶ፣ ደረጃውን ወርዶ መኪና ማቆሚያው ደርሷል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ተራ ከደረሳቸው መካከል አንድ ጡረተኛ ሹፌር ነበሩ፤ የሰማንያ ዓመት አዛውንት። መዝገቡ ላይ ዓመቱ በስህተት ተጽፎ ከገዛ ልጃቸው በሦስት ዓመት ያንሳሉ። ይህን ለማስተካከል ሲመላለሱ አራተኛ ቀናቸው ነው።

«እህስ ልጄ፣ ዛሬስ ልጄን ልቀድመው ነው?» አሏት።

«እየከፈተ ነው አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«እኔስ እታገሣለሁ። በሽታው ነው የማይታገሠው። ሐኪሙ ወረቀቱና ፊቴ አልገጥም ብለውት፣ ወረቀቱ ሳይስተካከል ቀዶ ሕክምናውን አልጀምርም ብሎኛል።»

ማሽኑ ይህን የሰማ ይመስል ድርግም አለ። ሰልፉ አጉረመረመ። ሥራ አስኪያጁ ጫጫታውን ሰምተው ብቅ አሉና በሕዝቡ ፊት፣ «ሲስተሙ አድጓል፤ ያላደገው ሠራተኛው ነው!» ብለው በራቸውን ዘጉ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! እትዬ መዝገብ ፊቷ ጋለ። ስድቡንስ ትችለው ነበር፤ አዛውንቱ ለእሷ አፍረው አንገታቸውን ሲደፉ ማየት ግን አቃታት።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ስለ ዘመናዊ አሠራር ሊሰበሰቡ ሄዱ። እትዬ መዝገብ ሽቦን ጠራችው።

«የእሳቸውና የእኔ ሳጥን መጠኑ አንድ ነው?»

ሽቦ ወዲያው ገባው። «እትዬ፣ ልጆች አሉኝ!»

«እኔም አሉኝ። ሌብነት አይደለም፤ የመንግሥት ዕቃ ለመንግሥት ሥራ ነው። የንብረት ቁጥሩ የተለጠፈው ሳጥኑ ላይ ነው፣ ሳጥኑን አትንካ። ሆድ ዕቃውን ብቻ አዘዋውርልኝ። ከተጠየቅህ ያዘዝኩህ እኔ ነኝ።»

ሽቦ በላብ ተነክሮ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማዘርቦርዱን፣ ራሙንና ዲስኩን አለዋወጠ። መዝገቡን ወደ አዲሱ ገለበጠ። ለሥራ አስኪያጁ ሳጥን የቀድሞውን ሲስተም መለሰለትና አዲሱን እንዲመስል ማያ ገጹ ግርጌ ያሉትን ምልክቶች ከግራ ወደ መሃል አመጣቸው። የምረቃውን ፎቶ ሰቀለ፤ ካርታውንም አልረሳም።

አዛውንቱን መኪና ማቆሚያው አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉዳያቸው በአራት ደቂቃ አለቀ። ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት፣ ደገሙት።

«በቃ፣ አሁን ልጄን መቆጣት እችላለሁ» አሏት፤ ስትስቅ ዕንባዋ መጣ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተራቸውን ሲያበሩ እትዬ መዝገብ ጆሮዋን ወደ በራቸው ጣለች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድምፃቸው ተሰማ።

«ሽቦ! ና እስቲ!»

ሽቦ ገባ።

«አየህ? ዕድገት ማለት ይሄ ነው» አሉት ማያ ገጹን እያሳዩት። «የእኔም እንዴት እንደፈጠነ!»

ሽቦ ሳጥኑን ሳያይ ራሱን ነቀነቀ።

ሰልፉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሟሸሸ። ለዚህም ውጤት ሥራ አስኪያጁ የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው፤ ብዙም ሳይቆይ የበላይ አካሉ የቴክኖሎጂ ኃላፊ አድርጎ ሾማቸው። በመሰናበቻው ቀን ከዚህ ቤት ምንም እንደማይፈልጉ ተናገሩ፤ ኮምፒውተራቸው ብቻ ግን በዝውውር ትሰጠኝ አሉ።

እትዬ መዝገብ ኅሊናዋ አላስቀምጥ አላት። «ጌታዬ፣ ይቅርብዎት፤ እዚያ የተሻለ ይሰጥዎታል።»

«አወቅሁብሽ» አሏት በፈገግታ። «ለራስሽ አስበሽ ነው አይደል?»

ሰውየው ፈርመው ተረከቡ፤ ሽቦ ሳጥኑን እንደ ሙሽራ ታቅፎ መኪናቸው ውስጥ አስቀመጠላቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሽቦ ስልክ ደወሉለት። ኮምፒውተሯ እዚያ እያለች እንደ ጥይት ትፈጥን እንደነበር፣ አዲሱ ሕንጻ ከገባች ወዲህ ግን እንደሰነፈች አዋዩት።

«የዚህ ሕንጻ መብራት መስፈርቱን የሚያሟላ አልመሰለኝም» አሉት።

«ሊሆን ይችላል ጌታዬ» አለ ሽቦ፣ እትዬ መዝገብን ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ።

መብራቱን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል አሉ። ሰብሳቢው እሳቸው ናቸው።