የሊባዎች ድስት

ወላሂ፣ የሌለ አገር ይቀማል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። መሬት ይቀማል፣ ሱቅ ይቀማል፣ ይሄንን ስንሰማ ነው ያደግነው። እኔና ሰብለወንጌል የተቀማነው ግን ሐይቅ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን፣ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የፈጠርነውን አገር ነው።

አገሩ ሁለት ሕዝብ አለው። ሊባዎች ውሃው ዳር ይኖራሉ፣ ኦምዳዎች ገደሉ ላይ። ሊባዎቹን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የሐይቅ ልጅ ነኛ። ሰብለ ከውጫሌ በላይ ካለ የአምባሰል መንደር ስለመጣች ኦምዳዎቹ የእሷ ሆኑ። ውሃ ላይ ድምፅ ሩቅ ስለሚሄድ ሊባዎች አይጮሁም፤ ቋንቋቸው ለስለስ፣ ሳብ ሳብ ያለ ነው። ኦምድኛ ደግሞ ከገደል ገደል መጠራሪያ ስለሆነ ጠ እና ቀ የበዛበት ነው፤ ሰብለ ስትናገረው ፊቴን እጠርግ ነበር። ትምህርት ጨርሰን፣ እኔ ሐይቅ ላይ የጨርቅ ሱቅ ከፍቼ፣ እሷ ውጫሌ አስተማሪ ሆና፣ አግብተን ወልደንም አልተውነውም። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ቴሌግራም ላይ ድምፅዋ ይጠብቀኛል፤ "ሂዳያ፣ ኦምዳዎች ልጅ ሲያስነጥሰው ምን እንደሚሉ አገኘሁት" ትለኛለች። ባሌ ሙሐዲን "ዛሬስ ኦምዳዎች ደህና አደሩ?" እያለ ይቀልድብኛል። ቢቀልድም እሱ ራሱ ጥቂት ሊብኛ ይሞክራል።

ከሁሉ የምንወደው የግብዣ ሥርዓታቸውን ነበር። ሊባና ኦምዳ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ኦምዳ ሲደግስ ለሊባ ጎረቤቶቹ በሬውን ከነገመዱ ያስረክባቸዋል። እነሱ ያርዳሉ፣ እነሱ ይሠሩታል፣ ድስቱም ለብቻው ነው። ደጋሹ ያንን ድስት አይቀምስም። ሲያቀርብ ግን በእንግዳው ቋንቋ ነው የሚናገረው፣ እንግዳ ሰው ቤት መጥቶ ምላሱ መጨነቅ የለበትም ብለው። "ብሉ፣ ድስቱ የእናንተ ነው" ይላል፣ በሊብኛ። ይሄንን ከየት አመጣችሁት ብሎ የሚጠይቀን ወሎዬ የለም። ያመጣነው ከሰብለ አባት ቤት ነው፤ እዚያ ቤት እኛ እስላሞቹ ስንመጣ ብቻ የሚወርድ ድስት አለ፣ በዓመት በዓል እንኳ ሌላ አይሠራበትም።

ሰብለ የድምፅ ቅጂዎቻችንን ቴሌግራም ቻናል ላይ መለጠፍ ጀመረችና ሰው ወደደው። ለልጆች አኒሜሽን የሚሠራ አንድ ዳይሬክተር ሰምቶት ከአዲስ አበባ ድረስ መጣ። ሐይቁ ዳር ወስደን የተጠበሰ አሳ ጋበዝነው። እሾሁን እየለቀመ "በጣም ቆንጆ ነው፤ ግን ጠቡ የታለ?" አለን።

"የምን ጠብ?" አልኩት።

"ሁለት ሕዝብ፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ድስት። ክፉው ማነው?"

"ክፉ የለም" አለችው ሰብለ፣ ረጋ ብላ፣ ለተማሪዎቿ እንደምትናገረው።

"ታዲያ ለምን አብረው አይበሉም?"

"አብረው እኮ ነው የሚበሉት፤ አንድ ዳስ ውስጥ፣ ጎን ለጎን" አልኩት። አጃኢብ ነው፣ ሊገባው አልቻለም። የተማረ ሰው ነው፣ አገር የዞረ ነው፣ ይቺ ግን አልገባችውም። በኋላ ሳቅ ብሎ "እሺ፣ እንደ እናንተ ይሁን" አለ። እኛም ጅሎቹ አመንነው። ደሴ ስቱዲዮ ወስዶ ድምፃችንን ቀረጸ፤ እኔ አሳ አጥማጇን ሆንኩ፣ ሰብለ ኦምዳዋን እመቤት። ያቺን የግብዣ ቃል ስትናገር ቀራጩ ልጅ ራሱ ራበኝ ብሎ አሳቀን።

አኒሜሽኑ መታየት ሲጀምር ደስታዬን አልደብቅም። የሰፈር ልጆች በሊብኛ ሰላም ሲባባሉ እሰማለሁ፣ ባጃጅ ነጂው በሊብኛ ሒሳብ ይጠይቀኛል። ሁለተኛ ክፍል ያለችው ልጄ አሪፋ ትምህርት ቤት ንግሥት ሆና ሰነበተች። "ኦምዳዋ እመቤት አክስቴ ናት" እያለች ትኮራለች፤ ሰብለን አክስቴ ነው የምትላት።

ከዚያ የግብዣው ክፍል ወጣ። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ በስልኬ ነበር የማየው፣ አሪፋም አጠገቤ። ሊባዎቹ ተጋብዘው ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። እመቤቲቱ ጓዳ ገባች፣ ከመቀነቷ ብልቃጥ አወጣች፣ የእንግዶቹ ድስት ውስጥ ጠብ ጠብ አደረገችበት። ድስቱን ይዛ ወጣችና በሰብለ ድምፅ፣ ደሴ በተቀረጸው በዚያው በሞቀ ድምፅ፣ "ብሉ፣ ድስቱ የእናንተ ነው" አለች። አንዱ ሊባ "አንቺ ለምን አትቀምሽም?" ሲላት ፈገግ ብቻ አለች። በሉ፣ ወደቁ። አሪፋ ስልኩን ከእጄ ወስዳ እንደገና አየችው።

ለዳይሬክተሩ ደወልኩለት። "ልብ ወለድ እኮ ነው፣ እህቴ። ተመልካቹ አብዷል" አለኝ።

"አንተ ቤት እንግዳ መጥቶ ያውቃል?" አልኩት። ሳቀ። "አትሳቅ። አንተ ሁለተኛ ድስት ስታይ የሚታይህ መርዝ ነው። እኔ ሁለተኛ ድስት ሳይ የማውቀው፣ ሳልመጣ በፊት ታስቤ እንደነበር ነው። የእኛን ቋንቋ ወሰድክ፣ የእኛን ሕዝብ ወሰድክ፣ የጓደኛዬን ድምፅ ወስደህ ሰው ገደልክበት።"

"በሚቀጥለው ክፍል እናስታርቃቸዋለን" አለና ስብሰባ አለኝ ብሎ ዘጋው። ጭራሽ ያስታርቃቸዋል፣ መች ተጣልተው። ሰብለም ድምፄን አውጣልኝ ብላ ለመነችው፣ ደጋግማ ደወለች፤ በኋላ ስልኳን ማንሳት ተወ። ያን ሰሞን የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ላይ አፍንጫዋን እየሳበች ስታለቅስ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ቃል የለውም።

ብዙም ሳይቆይ ሰብለ ወልዳ የልጇ ክርስትና ደረሰ። አባቷ አባባ አሻግሬ እንደ ወጉ በጉን ለአጎቴ ለአሊ አስረከቡ። አጎቴ ቢስሚላህ ብሎ አረደ፣ የአጎቴ ልጅ ፈዲላ ሠራችው፣ የእኛው ድስት ወረደ። ዳሱ ውስጥ ቄሱና የአምባሰል ዘመዶች በአንድ ወገን፣ እኛ በሌላው፣ መሐላችን የጠላና የብርዝ ማንቆርቆሪያ ብቻ ነው ያለው። ወሬው አንድ ነው፣ ሳቁ አንድ ነው። ሰብለ አራስነቷ ገና ፊቷ ላይ እያለ ለእኛ ማቅረቡን ለሌላ አልሰጥም ብላ ትሪውን ራሷ ይዛ መጣች።

"ብሉ፣ ድስቱ የእናንተ ነው" አለችን በአማርኛ፣ ዘወትር እንደምትለው፣ አባቷም አያቷም ሲሉት እንደኖሩት።

አሪፋ የቆረሰችውን እንጀራ ይዛ ቀና አለች። "አክስቴ፣ አንቺ መጀመሪያ ቅመሺ" አለቻት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጎቴ አሊ "ምን ማለትሽ ነው፣ ልጄ? ያረድኩት እኔ ነኝ፣ የሠራችው ፈዲላ ናት" አላት።

"እሷ ይዛው ጓዳ ገብታ ነበር፣ አይቻታለሁ" አለች አሪፋ። ጥጋብ አይደለም፣ ብልግናም አይደለም፤ ልጄ የምሯን ነው። ፈርታለች። "ለምን አትቀምስም?"

ምን ብዬ ላስረዳት? ሰብለ እስላም ያረደውን አትበላም። እኔም ክርስቲያን ያረደውን አልበላም። ስንት ዓመት አንድ ዴስክ፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ አልጋ ተጋርተን፣ አንድ ቀን እንኳ አንዳችን ሌላችንን ቅመሽ ብለን አናውቅም። ያ ነበር መከባበራችን። አሁን ያ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበባት። አለመቅመሷ ለልጄ መርዝ ማለት ሆነ፣ በራሷ ድምፅ ተምራው።

ሰብለ አየችኝ። ወደ ቄሱ አየች፣ ወደ ሕፃኗ አየች። ከዚያ ትሪውን አስቀምጣ ተንበረከከችና ከወጡ በእንጀራ ጠቅልላ አነሳች። እጇን ያዝኩት።

"አታደርጊውም" አልኳት።

"ልጅቷ እየፈራች እኮ ነው፣ ሂዳያ።"

"ትፍራ። በልጅሽ ክርስትና ቀን፣ አንድ ባለጌ በቀጠፈው ቅጥፈት ሃይማኖትሽን አታፈርሺም። እኔ ዓይኔ እያየ አይሆንም።" ጉርሻውን ከእጇ ተቀብዬ እኔ ጎረስኩት፣ አኘኩ፣ ዋጥኩ። ደግሜ ጎረስኩ። አጎቴም በላ፣ ፈዲላም በላች። አሪፋ ግን አንዳችንንም አላየችም። የምታየው የሰብለን አፍ ነበር።

አሪፋ የያዘችውን እንጀራ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ፈዲላ በጆሮዋ ብዙ ነገረቻት። አልበላችም። ሰብለ ቂም እንደሌለባት ፀጉሯን ደባብሳት ተነሳች፤ ልጄ ግን ስትነካት ትከሻዋን ሰበሰበች። ሰብለ ይሄን አይታለች።

ልንሄድ ስንል አባባ አሻግሬ እስከ ደጅ ሸኙን። ስለ አኒሜሽን ምኑንም አያውቁም፣ ስልክ የሚያውቁት ለመደወል ነው። ያዩት ልጅ ከቤታቸው ሳትበላ ስትወጣ ነው። አጎቴን ራቅ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት፤ እኔ ግን ሰማሁ።

"አሊ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስንጠራችሁ፣ ልጆች እንዳይሳቀቁ፣ ምግባችሁን ከቤታችሁ ይዛችሁ ብትመጡ ይሻል ይሆን?"

ከልባቸው ነበር የጠየቁት። አጎቴ ወደ እኔ ዞረ።